ሁለተኛው ሆድ

እህቴ ሆድ ትሰፋለች። እንዲህ ስል የሚስቅ ብዙ ነው፤ ይሳቅ። ፊልም ላይ ያረገዘች ሴት ስታዩ ያ ሆድ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ከእህቴ እጅ ነው የሚመጣው። ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ በበጋ የሚያቃጥል በክረምት የሚያንጠባጥብ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የቲያትርና የፊልም ልብስ እንሠራለን። እሷ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። እኔ እተኩሳለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ስትቆጣም እሰማለሁ። ሠራተኛው "ባለሜትሯ" ነው የሚላት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እኔ በሰባት ዓመት አንሳታለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ዳይሬክተር የፊልም ጽሑፉን ይዞ መጣ። ቀጭን፣ ባለ ቆብ፣ ሰው ሳይስቅ በራሱ ቀልድ ቀድሞ የሚስቅ ነው። ታሪኩ ስለ አንዲት የአስራ ስድስት ዓመት ተማሪ ነው። ልጅቷ ታረግዛለች፤ ሆዷን "ተከራዬ" እያለች ትጠራዋለች፤ ሳትፈቅድለት ዕቃውን ይዞ የገባ ይመስል ትጨቃጨቀዋለች። ከዚያ አሳዳጊ ፍለጋ ትገባለች። ልጅ የሚፈልጉትን ባልና ሚስቶች በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ፣ ከሰው አፅም ሞዴል አጠገብ እያስቀመጠች እንደ ሥራ አመልካች ትፈትናቸዋለች። "የሥራ ልምድ አላችሁ?" ትላለች። "ዘፈን ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ አትሞክሩ፤ ልጁን እንዳታስለቅሱት።" በመጨረሻ ለሁለት ደጋግ ሰዎች ትሰጣለች። በሁለተኛው ሳምንት በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ስትበር እናያታለን፤ ሙዚቃ ይገባል፤ አለቀ።

እውነቱን ልናገር፣ ሳነበው ሳቅሁ። አፅሙ ጋ ስደርስ መተኮሻውን ረስቼ የአንድ ወታደር ሸሚዝ አሳረርኩ። ቀና ስል እህቴ እያየችኝ ነበር፤ መሳቄን ተውኩ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። እህቴ በአስራ ስድስት ዓመቷ አርግዛ ነበር። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍራሿ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ቆሟል። "እህትሽ ስፌት ልትማር አክስትሽ ጋ ሄደች" ተባልኩ። አክስታችን የአባታችን ታላቅ እህት ናት፤ በሌላ ከተማ የልብስ ስፌት ቤት ነበራት። እህቴ በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች እንጂ መርፌ ይዛ አታውቅም። የቀሚሷን ጠርዝ እንኳን እማዬ ነበረች የምትጠግንላት። እኔ ሕፃን ነኝ፣ አመንኩ። ጎረቤቱ አላመነም፤ ግን ያመነ መሰለ፤ ለእማዬም "ጎበዝ፣ ሙያ መልካም ነው" ይላት ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አክስቴ ከስፌት ቤቱ ጀርባ መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻት። ደንበኛ ሲመጣ በሩ ይዘጋል። ግን አክስቴ ውሸት እንኳን ያለ ጥቅም እንዲቀር የማትወድ ሴት ናት። "ልትማር መጣች ካልን ትማር" ብላ ማሽን ፊት አስቀመጠቻት። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ ወንበሩን ወደ ኋላ እየሳቡላት፣ እጇን እየዘረጋች ስትሰፋ ከረመች። ወለደች። አባዬና አክስቴ ከአንድ የጉዲፈቻ ቢሮ ጋር ቀድመው ጨርሰው ኖሮ ሕፃኑ በሦስተኛው ቀን ተወሰደ። ሁለት ሳምንት ቆይታ ወደ ቤት ተመለሰች። ማንም "እንዴት ነሽ" አላላትም፤ "ስፌቱስ?" ነው ያሏት። ትምህርት ቤትም አልተመለሰችም። ሙያ ተምራ መጥታ የለ፣ ምን ሊያደርግላት? እንዲህ ሆኖ የቤተሰቤ ውሸት የእህቴ መተዳደሪያ ሆነ።

እኛ ቤት ያ ዓመት ስም ወጥቶለታል። "የስፌቱ ዓመት" ይባላል። ጣሪያው መቼ ነበር የተቀየረው? በስፌቱ ዓመት። አጎቴ መቼ አገባ? ከስፌቱ ዓመት በፊት። እማዬ ዓይኗን ሳታሽ ነው የምትለው። እኔም እንዲሁ ስል አድጌያለሁ።

ያስረገዛትን የጎረቤት ልጅ ግን ማንም የትም አልላከውም። እሱን ስፌት ተማር ያለው የለም። እዚያው ሰፈር ኳስ ሲራገጥ አደገ፤ ዛሬ ሦስት ልጆች አሉት፤ እማዬን መንገድ ላይ ሲያገኛት ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላታል፣ እሷም የልጆቹን ደኅንነት ትጠይቀዋለች። ይሄን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እኔ እውነቱን የሰማሁት በአስራ አምስት ዓመቴ ነው። አባዬ የሞተ ሰሞን አክስቴ ከአንዲት ዘመዷ ጋር ስታወራ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። ሄጄ ለእህቴ "ሰማሁ" አልኳት። "እሺ" አለች፤ የምትሰፋውን እጅጌ ገልብጣ ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ ሆድ ይፍጀው አልን።

"ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው" ይባላል። ዳይሬክተሩ ምን ያውቃል፤ ለእህቴ መቀስ ብቻ ሳይሆን ሙሉ የእርግዝና ታሪክ አስታቀፋት። ከሌላ ፊልም የተረፈ የስፖንጅ ሆድም ይዞ መጥቶ ነበር። ተቀብላ ጨመቀችው። "ይሄ ትራስ ነው" ብላ ለመጋዘኑ ድመት ወረወረችለት።

የመጀመሪያውን ሆድ በስድስት ቀን ሰፋች። ከሰውነት የሚጣበቅ ሙሉ ልብስ ላይ ጥጥ፣ ከጥጡ በታች አራት ኪሎ ሩዝ በከረጢት፤ እምብርቱ በጨርቅ የተሸፈነ ቁልፍ። ዋናዋ ተዋናይት አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ፊልሟ ነበር፤ ሁሉን ሰው "እሺ" የምትል ልጅ። ለብሳው ከወንበር ልትነሳ ስትል ተመልሳ ዘፍ አለች።

"ጀርባዬን አመመኝ" አለች።

"ገና አምስተኛ ወር ነሽ፤ ሌላ ሁለት ኪሎ እጨምርልሻለሁ" አለቻት እህቴ።

ልጅቷ ሳታስበው ወገቧን በእጇ ደግፋ መራመድ ጀመረች። ዳይሬክተሩ ከደስታው ብዛት የሚሆነውን አጣ። "እትዬ፣ እጅሽ ይባረክ! እኔ ይሄን አረማመድ ላስተምራት አንድ ወር ሊፈጅብኝ ነበር።" እህቴ ምርቃቱን ሰማች፤ ግን ቀና አላለችም። የልብሶቹን ዝርዝር ይዛ በጣቷ ወደ ታች ስትወርድ መጨረሻው ላይ ቆመች።

"ከወለደች በኋላ የምትለብሰው የት አለ?" አለችው።

"የትምህርት ቤት ልብሷን ነዋ።"

"ከሥሩስ?"

"ከሥሩ ምን?"

"ሆዷ።"

"ወለደች እኮ እትዬ። ሆዱ ሄደ።"

"የት ሄደ?"

ዳይሬክተሩ ሳቀ። እህቴ አልሳቀችም። "ሆድ እንደ እንግዳ ተነስቶ አይሄድም" አለችው። "በሁለተኛው ሳምንት ያያት ሰው አሁንም እርጉዝ ናት ነው የሚለው። ብስክሌት ላይ መቀመጥ ቀርቶ ደረጃ መውጣት ያቅታታል። ጡቷስ? ልጁ መሰጠቱን ለጡት ማን ነገረው? ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል እኮ።"

"አስቂኝ ፊልም ነው የምንሠራው፣ እትዬ። ሰው በመጨረሻው ቀለል ብሎት እንዲወጣ እፈልጋለሁ።"

"ማን ነው ቀለል የሚለው? እሷን ቀለል አላላትም።"

እንደ ብዙ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይቆጣ ነበር። እሱ ግን በየዋህነት፣ ለማወቅ ብቻ፣ "አንቺ ስንት ወልደሻል?" ብሎ ጠየቃት።

"አንድ" አለች።

መተኮሻውን አቆምኩት። በመጋዘኑ ውስጥ አስራ አንድ ሰው ነበር። አስር ዓመት አብረውን የሠሩ ናቸው፤ እህቴ ልጅ እንደሌላት ሁሉም ያውቃል። ጫማ ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ ቀረ። እኔ ደግሞ እዚያች ሰዓት ላይ ሁሉንም ጠላኋቸው፤ ስላፈጠጡ፣ ስላላወቁ፣ እኔ ስለማውቅ። ይሄን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ዳይሬክተሩ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ስፊው" አለ። "ሁለቱንም መጨረሻ እንቀርጻለን።"

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቆመን "እማዬን ይዣት እመጣለሁ" አለችኝ።

"የት?"

"ፊልሙ ሲታይ። ቤት ውስጥ ባነሳባት ድስቱ አረረ ብላ ትነሳለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድስቱ ሲያርር ነው የኖረው። ሲኒማ ውስጥ ግን የት ትሄዳለች? ልጅቷን በዚያ ሆድ ታያታለች፤ እኔም አጠገቧ እሆናለሁ።"

"ምን እንድትልሽ ነው የምትፈልጊው?"

"ይቅርታ አልፈልግም። 'አይቻለሁ' ትበለኝ፤ ይበቃኛል። ያኔ አይቼሽ ነበር ትበለኝ።"

ያን ዓመት እማዬ ያላየች መስላ ነው የኖረችው። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ። እህቴ የፈለገችው ይህቺን አንዲት ቃል ነበር፤ ቃሏ ደግሞ በአንድ ቆብ ለባሽ እጅ ወደቀች።

ሁለተኛውን ሆድ ከሥራ ሰዓት ውጪ ሰፋችው። ከመጀመሪያው ይልቅ አደከማት። ሙሉ ሆድ መስፋት ቀላል ነው፤ ጠቅጥቆ መዝጋት ነው። ባዶ የሆነ ሆድ ግን ልል ሆኖ መውደቅ የለበትም፤ ከታች መታጠፍ አለበት፤ ሲነኩት ገባ ብሎ መመለስ የለበትም። አራት ጊዜ ፈታችው። ለሸሚዙ ደግሞ ግሊሰሪን በውሃ በጥብጣ የጡት ወተት ያራሰው የሚመስል ሁለት እርጥብ ቦታ አዘጋጀች፤ ቦታውን በጠመኔ ምልክት ስታደርግ ማንንም አልለካችም፤ ከራሷ ነው የገለበጠችው።

ተዋናይቷ ለብሳው መስታወት ፊት ቆመች። እጇን ሆዱ ላይ አድርጋ "ባዶ ነው" አለች።

"አዎ፣ ባዶ ነው" አለች እህቴ፤ ወገቧ ላይ ያለውን መንጠቆ ዘጋችላት።

ቀረጻው ትንሽ ዳገት ያለበት ጎዳና ላይ ነበር። ልጅቷ ብስክሌቱ ላይ ወጥታ ጥቂት ነዳች፤ ከዚያ ማንም ሳያዛት ወረደች። ብስክሌቱን እየገፋች ዳገቱን ወጣች፤ ግማሽ ላይ ቆማ ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ ሸሚዟን ሸፈነች። ይሄም ጽሑፉ ላይ የለም። ካሜራ የሚያነሳው ጎልማሳ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ "ቁረጥ" ከተባለ በኋላም ዓይኑን ከካሜራው አላነሳም። ዳይሬክተሩ "ግሩም ነው፣ ግሩም ነው" አለ። ቀጥሎ ሆዱን አስወልቆ፣ ልጅቷን በጠፍጣፋ ሆድ ቁልቁል እያስነዳ ደግሞ ቀረጸ። እህቴ ጥግ ላይ ቆማ ስታይ መጣና "እናቴ ትሙት፣ ያንቺው ነው የሚገባው" አላት። እናቱ እስከ ዛሬ በሕይወት አለች፤ እግዜር ይጠብቃት፣ እሷ ምን አደረገች።

ፊልሙ ለሠራተኞችና ለቤተሰብ የታየው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እማዬ እህቴ የሰፋችላትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ መጣች። "ልጄ የሠራችውን ልይ እንጂ" ስትል ለጎረቤት ስትናገር ሰምቻለሁ። በመሃላችን አስቀመጥናት። ስለ ምን እንደሆነ አልነገርናትም።

ሳቀች። ይሄን ነው ያልቻልኩት። "ተከራዬ" ሲባል ሳቀች፣ አፅሙ ጋ ሲደረስ በመሃረብ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። አዳራሹ ሁሉ ይስቃል፤ እሷ ደግሞ ከሁሉ በላይ። አንቺ ሴትዮ፣ እላለሁ በልቤ፣ ይህቺ ልጅ ያንቺ ብትሆን ቤተ ሙከራ ሳይሆን መስኮት የሌለው ክፍል ነበር የምታስገቢያት። እጄን ጭኔ ሥር ቀብሬ ተቀመጥኩ። እህቴ አትስቅም፣ አትቆጣም። መጨረሻውን ነው የምትጠብቀው።

መጨረሻው መጣ። ሙዚቃው ቀድሞ ገባ፤ ያኔ ገባኝ። ልጅቷ ሆዷ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ፣ ፀጉሯ በነፋስ እየበረረ፣ ቁልቁል ትነዳለች። ዳገቱ የለም። ደብተሩ የለም። ሰው አጨበጨበ። ዳይሬክተሩ ሦስት ረድፍ ከፊታችን ነበር፤ አንገቱን ሊያዞር ጀመረና ተወው። ጫማዬን አውልቄ ማጅራቱን ልለው ምን ቀረኝ። እህቴ አራት ጊዜ የፈታችው ሆድ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "አንድ" ያለችበት፣ ሙዚቃ ስለማይመች ቀረ።

"ውሸት ነው።"

እማዬ ናት። ጮክ አላለችም፤ ለራሷ እንደምታወራ ነው።

"ምኑ?" አልኳት።

"ሁለት ወር ሙሉ ሸሚዟ አልደረቀም" አለች፣ ዓይኗን ከመጋረጃው ሳትነቅል። "አንዱን አጥቤ ሳላሰጣው ሌላው ይርሳል። አባቷ እንዳያይ ከአንሶላ ሥር ነበር የማሰጣው። ይህቺ እንዴት ነው እንዲህ የምትሮጠው?"

እህቴ ወደ እሷ ዞረች። "እማዬ፣ ለመጋረጃው አትንገሪው። እኔ እዚህ ነኝ።"

መብራት በራ። ሰዉ እየሳቀ፣ እያወራ፣ ጉልበታችንን እየታከከ ያልፋል። እማዬ ቦርሳዋን አቅፋ ቀረች።

"አባትሽ እኮ፣ ልጄ..."

"አባዬን ተይው፤ ሞቷል። አንቺን ነው የማናግርሽ።"

"አይቻለሁ" አለች እማዬ። "ሁሉንም አይቻለሁ። ሆድሽንም፣ ሸሚዝሽንም። ማታ ስታለቅሺም እሰማ ነበር።"

ቃሏ መጣች። እህቴ የፈለገቻት ቃል ይህቺው ነበረች። እፎይ የምትል መስሎኝ ነበር፤ አላለችም። "ታዲያ ዝም አልሽ" አለች ብቻ። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። አዳራሹ ባዶ እየሆነ ነው፤ የፅዳት ሠራተኛዋ ከኋላው ረድፍ መጥረግ ጀምራለች። እማዬ መሃረቡን በጣቷ ላይ ጠመጠመችው፣ ፈታችው፣ ጠመጠመችው።

"ወንድ ነው ሴት?" አለች።

ሃያ ሁለት ዓመት! የልጅ ልጇን፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጇን፣ ወንድ ይሁን ሴት ሳትጠይቅ ሃያ ሁለት ዓመት የበላች፣ የጠጣች፣ የተኛች፣ የዚያን ሰውዬ ልጆች ደኅንነት የጠየቀች ሴት። "አሁን ነው እንዴ የምትጠይቂው?" ልላት አፌን ከፈትኩ።

እህቴ ግን እማዬን አይደለም የምታየው። እኔን ነው። እኔ ምን እንደምል ትጠብቃለች። ካወቅሁ አስራ ስድስት ዓመቴ ነው። በአንድ መጋዘን ስንሠራ፣ በአንድ አውቶቡስ ስንመለስ፣ አንድ ማታ እንኳን ዞር ብዬ አልጠየቅኋትም። አፌን መልሼ ገጠምኩ።

"ሴት ናት" አለች፣ ለሁለታችንም። "ሦስት ቀን አጥብቻታለሁ።"